የሌሉ ጎረቤቶች

ለእህቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ? መቼም ደህና ነሽ፤ አንቺ ምን ትሆኛለሽ! ጉልበትሽስ እንዴት ነው? አሁንም ደረጃ ስትወጪ ወይኔ ወይኔ ትያለሽ ወይስ የሚያምሽ እንግዳ ሲያይሽ ብቻ ነው? ባልሽ ደህና ነው? እሱን እንኳን ከልቤ ነው የምጠይቀው። እዚያ ቤት ሰው ሲጮህ ጋዜጣውን ዝቅ አድርጎ የሚያይ እሱ ብቻ ነው፤ አይቶ መልሶ ቢሸፈንበትም። ወንዶቹስ? ትልቁ ጢም አወጣ አሉኝ። ሰላም በይልኝ።

እኔ ደህና ነኝ። ደህና አይደለሁም ብልሽ ለሰው የምታወሪው ስለምታገኚ ደህና ነኝ።

ስትደውዪ ያላነሳሁት ሳልሰማ ቀርቼ አይደለም። እያየሁት ነው የተውኩት። ብናወራ ትጮኺብኛለሽ፣ እጮህብሻለሁ፣ ከዚያ አንቺ ታለቅሻለሽ፤ አንቺ ካለቀስሽ ደግሞ ጥፋቱ ሁሉ የኔ ሆኖ ያርፈዋል። ከልጅነታችን ጀምሮ ይኸው ነው። ወረቀት ላይ ግን እንደፈለግሽ ብታለቅሺ አላይሽም። ስለዚህ ቁጭ ብለሽ አንብቢ። መነጽሬ ጠፋ ብለሽ ለማንም እንዳታስነብቢ፤ በተለይ ሚጣን አንብቢልኝ እንዳትያት።

ከፎቶው ልጀምር። ያን ቀን ቤትሽ ስገባ መጀመሪያ ዓይኔ ያረፈው አዲሱ ሶፋ ላይ ነው፤ ላስቲኩን እንኳን አላነሳሽለትም። ቀጥሎ ግድግዳውን አየሁ። ያቺ ድሮ የተሰቀለችው ትንሽ ፎቶ ወርዳ፣ እሷው ራሷ ትልቅ ሆና ታትማ፣ ፍሬም ገብታ ተሰቅላለች። እኔ ሥራ ፍለጋ ከቤትሽ የወጣሁ ዕለት የተነሳናት ፎቶ ናት። እውነቴን ነው፣ ለአፍታ ደስ አለኝ። ለካ አልረሱኝም አልኩ። ቀረብ ብዬ አየሁ። አንቺ መሃል ላይ ነሽ፤ መቼ ሌላ ቦታ ቆመሽ ታውቂያለሽ! ባልሽ ከኋላሽ፣ ወንዶቹ በግራሽ፣ ሚጣ ከፊትሽ፤ ያኔ የሰባት ዓመት ልጅ ናት፣ እጅሽን ትከሻዋ ላይ አድርገሻል። በቀኝ በኩል፣ ጠርዙ ላይ፣ የሻንጣ ማንገቻ በትከሻዋ ያደረገች ሴት ቆማለች። ፊት የላትም። ከአንገቷ በላይ ጭጋግ ነው። ቀሚሱን አወቅኩት፤ ከአንቺ ተውሼ ሳልመልስልሽ የሄድኩት ቀሚስ ነው።

ማነው ይህን ያደረገው አልኩ። አንቺ ሻይ እየቀዳሽ ነበር። ደግሜ ጠየቅኩ፤ ስኳር ላድርግልሽ ወይ አልሽኝ። ደሜ ፈላ። ያን ጊዜ ነው ቤቱን በጩኸት የሞላሁት። ይህን ያደረገ እጅ ይቆረጥ አልኩ። ደግሜም አልኩት፣ ያውም ጎረቤት እስኪሰማ። ሻዩ ብርጭቆውን ሞልቶ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ። አንቺ ማንቆርቆሪያውን እንደያዝሽ ወደ ኮሪደሩ ዞር ብለሽ አየሽ፤ ከዚያ ወደኔ ተመልሰሽ እኔ ነኝ አልሽ። እኔ ነኝ ያስደረግኩት፣ ምን ታመጪ አልሽኝ።

ከዚያ በኋላ ያልኩሽን አልደግመውም። አንቺ አልረሳሽውም፣ እኔም አልረሳሁትም።

የሚጣ በር ዝግ ነበር። ላያት ስሄድ ኮሪደሩ ላይ ቆመሽ መንገድ ዘጋሽብኝ። ፈተና አለባት፣ እያጠናች ነው፣ አትረብሺያት አልሽ። የገዛ ልጄን! እሺ፣ ትምህርት ሲዘጋ ፒካፕ ይዤ እመጣለሁ፣ አልጋዋንም ጠረጴዛዋንም ጭኜ ልጄን እወስዳለሁ አልኩሽ። አንቺ ደግሞ እስከ ደጅ ተከትለሽኝ ልጄን ከቤቴ የሚያወጣት የለም አልሽ። ልጄ አልሽ። አፍሽን ሞልተሽ! እኔ ሚጣን የወለድኩ ዕለት አጠገቤ የነበርሽው አንቺ ነሽ፤ ማን እንዳማጠ ልንገርሽ እንዴ?

ከዚያ ወዲህ ለማን አልተናገርኩም? ግድግዳሽን በስልኬ አንስቼው ነበር። በምሳ ሰዓት እያወጣሁ ለሥራ ባልደረቦቼ አሳየሁ። እህቴ ከቤተሰብ ፎቶ ፋቀችኝ፣ ልጄንም ልትነጥቀኝ ነው እያልኩ። ሴቶቹ ወይ ጉድ፣ ወይ ጉድ አሉ። ይህቺስ እህት አይደለችም፣ ጠላት ናት አለች አንዷ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ሥራዬን መቼም አታውቂውም። ማተሚያ ቤት ገባሁ ስልሽ እዚያ ምን ትሠሪያለሽ ብለሽ ጠይቀሽኝ አታውቂም። ቆራጭ ነኝ። የታተመው ወረቀት ተቆልሎ ይመጣልኛል፤ ደርድሬ፣ ጎኑን መትቼ አስተካክዬ፣ ከቢላዋው ሥር አስገብቼ ጠርዙን እቆርጣለሁ። ጠርዝ ላይ የተጣመመ፣ ቀለም የነካው፣ የጠቆረ ነገር ካለ እሱን አይቶ ማስወገድ ነው ሥራዬ። ማሽኑ ሲሠራ ጆሮ ሥር ቢጮህ አይሰማም።

ወደ አንቺ ከመምጣቴ ወራት በፊት፣ ማሽኑ እየሠራ ሳለ ሚጣ ደወለች። እሷ ደውላ አታውቅም፤ ሁሌ የምደውለው እኔ ነኝ። ስለ ኮምፒውተር ትምህርቷ ልትነግረኝ ነው። ፕሮግራም ሠራሁ፣ ፎቶ ምናምን አለችኝ። ግማሹን አልሰማሁም፤ የሰማሁትም አልገባኝም። ጎሽ የኔ ልጅ አልኩ። ጎሽ በርቺ አልኩ ደግሜ። እሺ በቃ ብላ ዘጋችው። ከዚያ ወዲህ እሷ ጋ የምደውለው ስልክ ሁሉ እሺ በቃ ሆነ።

ቆሽቴ አረረ። ለዚህ ነው ቅዳሜ ቅዳሜ የኮምፒውተር ፕሮግራም ማሠልጠኛ የተመዘገብኩት። ለአንቺ አልነገርኩሽም፤ በዚህ ዕድሜዋ ብለሽ ትስቂ ነበር። ደግሞ ሳቂ፣ የሚሳቅ ነው። የመጀመሪያ ቀን ክፍሉ ስገባ ልጆቹ አስተማሪ መስያቸው ብድግ አሉ። ያን ቀን ቤትሽ የመጣሁትም ይህንኑ ለሚጣ ልነግራት ነበር። አሁን ያልሽው ይገባኛል፣ ንገሪኝ ልላት። ሳልነግራት ተመለስኩ።

እንግዲህ ከዚያ ጉድ በኋላ ባለው ቅዳሜ አሠልጣኙ ፎቶ የሚያደበዝዝ ፕሮግራም ጻፉ አለን። መነጽራም ወጣት ነው፤ ሲያስረዳ ትዕግሥት አለው፣ ሲስቅ ግን ምሕረት የለውም። የራሳችሁን ፎቶ ይዛችሁ ኑ አለ። እኔ የትኛውን ይዤ የሄድኩ ይመስልሻል? ያቺኑን፣ እኔ ጋ ያለችውን ትንሿን ቅጂ፣ ፊቴ ያለባትን። ለምን ብትይ፣ አንቺን ላደበዝዝሽ! ጭጋግ አድርጌሽ፣ እኛው ማተሚያ ቤት በትልቁ አሳትሜ፣ ፍሬም አስገብቼ ልልክልሽ። ሶፋሽ ትይዩ ትሰቅዪው ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው፣ እንዲገባሽ በቀላሉ ልንገርሽ። ፎቶ ማለት ለካ የነጥብ ክምር ነው። የእያንዳንዷ ነጥብ ቀለም በቁጥር ነው የሚቀመጠው፤ ዜሮ ጥቁር ነው፣ ቁጥሩ ከፍ ሲል ብርሃን ይሆናል። ለማደብዘዝ አንዷን ነጥብ ትይዣለሽ፣ በዙሪያዋ ያሉትን ስምንት ጎረቤቶቿን ትጨምሪያለሽ፣ ዘጠኙን ደምረሽ ለዘጠኝ ታካፍያለሽ። የወጣው ቁጥር የዚያች ነጥብ አዲስ ቀለም ነው። ሁሉም ጎረቤቱን እየመሰለ ሲሄድ ፎቶው ይደበዝዛል። አንዴ ብቻ ካደረግሽው ለውጡ እምብዛም አይታይም፤ ደጋግመሽ ማስኬድ አለብሽ።

ጻፍኩት፣ አስኬድኩት። ፊትሽ ደብዘዝ አላለም፤ ተዝረክርኮ ወደ ቀኝ ፈሰሰ። አፍንጫሽ ትከሻሽ ላይ ደረሰ። እሰይ! ብዬ አጨበጨብኩ። አሠልጣኙ መጥቶ አየና ተሳስተሻል አለኝ። ጎረቤቶቿን ስትጠይቂ ግማሾቹ ቀድመሽ የቀየርሻቸው ናቸው፣ በተቀየረው ላይ ተመርኩዘሽ የሚቀጥለውን ትቀይሪያለሽ፣ ስህተቱ እየተሻገረ ይሄዳል አለኝ። መጀመሪያ ዋናውን ፎቶ ሳትነኪው አስቀምጪ፣ ምንጊዜም ዋናውን ጠይቂ፣ መልሱን ቅጂው ላይ ጻፊ አለ። በሆዴ አንቺን አሰብኩ። አክስታችን ስለኔ የምታውቀው ከአንቺ የሰማችውን ነው፣ ልጆቿ ከእሷ የሰሙትን ነው፣ የእነሱ ባሎች ከእነሱ። ልጇን ጥላ የሄደች ሆኜ ቀረሁ። ዋናዋን፣ እኔን፣ ለምን ሄድሽ ብሎ የጠየቀኝ የለም። አንቺ ልጇን ለማሳደግ ሄደች ብለሽ አንዴ እንኳን ተናግረሽልኝ ታውቂያለሽ? ኤዲያ፣ ልተወው።

አስተካከልኩና ደጋግሜ አስኬድኩት። አንቺ ምን ሆንሽ? አማረብሽ! መሃል ስለሆንሽ በሁሉም በኩል ጎረቤት አለሽ፤ ለስለስ አልሽ፣ መጨማደድሽ ጠፋ፣ ሙሽራ መሰልሽ። እኔ ግን ጠቆርኩ። ከፎቶው ጠርዝ ጥቁር ነገር ተነሥቶ፣ በደገምኩት ቁጥር ወደ ውስጥ እየገባ መጀመሪያ ማንገቻውን፣ ከዚያ ጆሮዬን፣ ከዚያ ጉንጬን ዋጠው። ወይ ጉድ! ኮምፒውተሩም ከእህቴ ጋር ተማክሯል አልኩ።

እኔ ደግሞ ቆራጭ አይደለሁ? የጠቆረ ጠርዝ ሳይ እጄ የሚያውቀው አንድ ነገር ነው። ፕሮግራሙን ጠርዙን እየቆረጥክ ሂድ አልኩት። በደገመ ቁጥር ትንሽ ትንሽ እየላጠ ጥቁሩን ጣለልኝ። ንጹሕ ፎቶ ወጣ። ኮርቼ አሠልጣኙን ጠራሁት። ጎንበስ ብሎ አየና፣ እዚህ ጋ ሻንጣ ያንጠለጠለች ሴት አልነበረችም እንዴ አለኝ። አየሁ። የለሁም። ቀሚሱም የለም፣ ማንገቻውም የለም። ራሴን በገዛ እጄ ቆርጬ ጥያለሁ። ልጆቹ ሳቁ፣ አሠልጣኙማ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። እኔም አብሬያቸው ሳቅኩ፤ ግን ቤቴ ስሄድ መንገዱን ሙሉ ከንፈሬን ነክሼ ነው የሄድኩት።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ከጎኔ ወንበር ስቦ ተቀመጠና አስረዳኝ። መሃል ያለችው ነጥብ ስምንት ጎረቤት አላት። ጠርዝ ላይ ያለችው ግን በአንድ በኩል ማንም የለም፤ ጎረቤቶቿ አምስት ናቸው። ጥግ ላይ ከሆነችማ ሦስት ብቻ። አንቺ ግን የሌሉትን ጎረቤቶች እንዳሉ ቆጥረሽ፣ ዜሮ ማለት ጥቁር አድርገሽ ደመርሻቸው፣ ከዚያ እንደ መሃለኛዋ ለዘጠኝ አካፈልሻት አለኝ። ትጨልማለች እንጂ ምን ትሁን? እሷንና ያሏትን ጎረቤቶች ብቻ ቁጠሪ፣ በዚያው ልክ አካፍዪ አለ። ይህ ጥቁር ጠርዝ የጀማሪ ሁሉ ምልክት ነው፣ ደህና ፕሮግራም እንዲህ ያለ ነገር አይሠራም፣ እኔ የትም ባየው አውቀዋለሁ ብሎ ሄደ።

እኔ እጄ ቁልፎቹ ላይ እንዳለ ቀረሁ።

ያን ጥቁር ጠርዝ አይቼዋለሁ። የት አይቼዋለሁ? ጠርዝ ማየት ሥራዬ ሆኖ እንዴት እንዳለፍኩት እንጃ። ስልኬን አወጣሁና ግድግዳሽን ያነሳሁበትን ምስል አጎላሁት። ጭጋጉን ብቻ ነበር ሳይ የከረምኩት። ከጭጋጉ በስተቀኝ፣ ከጠርዙ በኩል፣ ጥቁሩ አለ። ያን ቀን የፍሬሙ ጥላ መስሎኝ ነበር። ጥላ አይደለም። ጆሮዬን ይዞ፣ ጉንጬ ጋ የቆመ፣ የኔው ስህተት ራሱ ነው።

እህቴ፣ አንቺ ስልክሽ ላይ የሰው ቁጥር መመዝገብ አቅቶሽ የሻይ ቅጠል ካርቶን ላይ የምትጽፊ ሴት ነሽ። የቴሌቪዥኑ ድምፅ ሲጠፋ ማንን ነይ ብለሽ እንደምትጣሪ እኔም አንቺም እናውቃለን። ፎቶ ቤት ነው ያስደረግኩት ትይ ይሆናል። ምስሉን ለአሠልጣኙ አሳየሁት። ፎቶ ቤት እንዲህ አይሠራም፣ ይህ ገና የሚማር ሰው እጅ ነው አለኝ። ቆይ ግን፣ ጎበዝ ነው፣ የመጀመሪያውን ስህተትሽን አልሠራም፣ ደግሞ አንድ ፊት ብቻ ለይቶ ማደብዘዝ እኛ ገና አልደረስንበትም፣ ማነው አለኝ። የማውቀው ሰው ነው አልኩት። ያን ቀን በማሽኑ ጩኸት ውስጥ ያልሰማሁት የስልክ ወሬ ምን እንደነበረ ያኔ ገባኝ። ጎሽ አልኩ በሆዴ። ለመጀመሪያ ጊዜ ገብቶኝ ጎሽ አልኩ። አሠልጣኙ ምን ሆንሽ ብሎ መሐረብ ፈለገልኝ፤ ዓይኔን ብርሃኑ ወጋኝ ብዬ ዋሸሁ።

ማን እንደሆነ አልጽፍም። አንቺም እንዳትጽፊልኝ።

አሁን ምን እንደሚያናድደኝ ልንገርሽ? ፎቶው አይደለም። እኔ ነኝ ማለትሽ ነው! ማን ጠየቀሽ? ያን እርግማን የተናገርኩት በዚያ በር በኩል እንደሚሰማ ሳላውቅ ነው፤ አንቺ ግን አውቀሻል። ማንቆርቆሪያውን ይዘሽ ወደ ኮሪደሩ ስታዪ አይቼሻለሁ። ከዚያ የአንቺ ያልሆነውን ተቀበልሽ፤ ስድቤንም፣ እርግማኔንም፣ ቆመሽ ሁሉንም ጠጣሽው። አንድ ቃል ብትዪኝ ኖሮ አፌን እይዝ ነበር። ያ ፎቶ ለኔ የተላከ ነገር ነበር፤ አንቺ በመሃል ገብተሽ ተቀበልሽብኝ። ስንት ወር ሙሉ እሺ በቃ ብቻ ስሰማ ኖሬ፣ አንድ ቀን እንኳን በኔ ላይ መቆጣት ሲመጣ፣ ያንንም ቁጣ ለራስሽ ወሰድሽው። ምን አለ ለኔ ብትተዪልኝ? የእናት ድርሻ እኮ ነው። ይህን አልረሳልሽም።

እንዳትሳሳቺ፣ ይቅርታ እየጠየቅኩሽ አይደለም። ቂሜን ይዤ ነው ያለሁት። የቂሙ ምክንያት ነው የተቀየረው።

ፎቶውን እንዳታወርጂው። የሚመጣ የሚሄድ እያየው እዚያው ይሰቀል፤ እኔም ስመጣ አየዋለሁ። ፒካፑን ትቼዋለሁ። ትምህርት ሲዘጋ ግን እመጣለሁ፤ ደስ አይበልሽ። በትንሽ ሻንጣ ነው የምመጣው፣ ሶፋው ላይ ነው የምተኛው። ላስቲኩን አንሺልኝ፤ ሲንኮሻኮሽ እንቅልፍ አይወስደኝም። ኮሪደሩ ላይም እንዳትቆሚብኝ። በሩን የማንኳኳው እኔ ነኝ፤ ባይከፈትልኝም እዚያው ቁጭ እላለሁ እንጂ አልሄድም። ቀሚስሽንም ይዤልሽ እመጣለሁ። አሁን አይገባሽም እንጂ።

ከደብዳቤው ጋር አንድ ገጽ አለ። ለአንቺ አይደለም፤ አንቺ አይገባሽም። ፕሮግራሙ ነው፣ ጠርዙ የተስተካከለበት። ሳሎን ጠረጴዛው ላይ ጣዪው፤ ማን እንደሚያነሳው አያገባሽም። ግርጌው ላይ በእጄ ጽፌያለሁ፦ ጠርዝ ላይ ያለችዋን ከራሷ ጋር ባሏት ጎረቤቶች ልክ አካፍያት፣ የሌሏትን አትቁጠሪባት፤ ደግመሽ ልታደበዝዣት ብትፈልጊም በደንብ አደብዝዢያት፣ ጥቁር አታድርጊያት።

ቅድም ለማንም አታስነብቢ ብዬሽ ነበር። የሚቀጥለውን መስመር ግን ኮሪደሩ ላይ ቆመሽ፣ እኔ በጮህኩት ልክ ጮክ ብለሽ አንብቢው። ያን ቀን ከአፌ የወጣውን መልሼዋለሁ፤ ያን ፎቶ የሠራ እጅ ይባረክ፣ ክፉ አይንካው።

ለአንቺም ፈጣሪ ለጉልበትሽ ምሕረት፣ ለአፍሽ ልጓም ይስጥልኝ። ባልሽን ጋዜጣውን አስቀምጥ በይልኝ። ከነቤተሰብሽ በጤና ቆዪኝ።

የልጅሽ እናት